ከቁልቢ መልስ የእናቴ ቅልጥምና ተረከዝ ሕመም

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ስለቷን ለማድረስ ሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ከድሬዳዋ ቁልቢ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ የተጫማችው ሶሉ የሳሳ ሸራ ጫማ ነበር። አሁን ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ተረከዟን መርፌ የወጋት ያህል ያማታል፤ ጥቂት ስትራመድ ቀለል ይላታል። እኔን የበለጠ ያስጨነቀኝ ቅልጥሟ ነው። በውስጥ በኩል አጥንቱን ተከትዬ ስነካት ትጮኻለች፤ እብጠት ግን የለም። በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ እይዝላታለሁ። አይቡፕሮፌን እንዳልሰጣት ጨጓራ አለባት። ጎረቤቶች ወጌሻ ይሻት ይላሉ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ቢሆንስ? ስንጥቅ ከሆነ ሕመሙ አንድ ነጥብ ላይ ይበረታል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእሷ ግን በርዝመቱ የተዘረጋ ነው። ራጅ ላስነሳት ወይስ ዕረፍት ይበቃታል? ለተረከዟስ የትኛው የማሳሳብ እንቅስቃሴ ይረዳታል? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፤ እሷ እንደሆነች ቁጭ በይ ብላት አትሰማኝም።