«ኢንሳይድ» ላይ 20 ሰው የሚጠይቀው ቦታ ይዞኛል፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከደሴ ነው። የዴንማርኩ ጌም ሠሪ ኩባንያ ፕሌይዴድ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ኢንሳይድ» እየተጫወትኩ ነው። እንዴት ያለ ጌም ነው! አንድም ቃል አይነገርበትም። ቀይ የለበሰ ትንሽ ልጅ፣ ጨለማ፣ ዝናብ፣ ከሩቅ የሚሰማ የውሻ ጩኸት፣ በቃ። ማታ ማታ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው መብራት አጥፍቼ በጆሮ ማዳመጫ ነው የምጫወተው። ከእርሻው ቦታ ያለው አሳማ ትዝ ይላችኋል? እየተንደረደረ ይመጣብሃል፤ ከጭራው ያለውን ትል ስበህ ስትነቅልለት ግን ይረጋጋል። እዚያ ላይ በጣም አዘንኩለት።

አሁን የቸገረኝ ይሄ ነው። 20 ሰው ካልቆመበት የማይሠራ መድረክ ጋ ደርሻለሁ። ነፍስ የሌላቸው የሚመስሉት ሰዎች ከየክፍሉ ሳገኛቸው ይከተሉኛል። ሰብስቤ አመጣኋቸው፤ ቁጥሩ ግን አልሞላም። ግራና ቀኙን አሰስኩ፣ የሚገፋውን ገፋሁ፣ የሚሳበውን ሳብኩ። ምንም የለም።

ጥያቄዬ፦ የቀሩት ሰዎች ያሉት ካለፍኩባቸው ክፍሎች ነው ወይስ ገና ያልከፈትኩት ቦታ አለ? የተከተሉኝን ሰዎች ራሳቸውን ተጠቅሜ የምደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይኖር ይሆን?

ሙሉ መፍትሔውን አትጻፉልኝ፤ ፍንጭ ብቻ ይበቃኛል። ራሴ ስፈታው ነው ደስ የሚለኝ። መጨረሻውንም አደራ፣ እንዳትነግሩኝ። ጌሙ ውስጥ የተደበቁትን የብርሃን ኳሶች በኋላ ተመልሼ እፈልጋቸዋለሁ፤ አሁን ይሄን መድረክ ብቻ አሳልፉኝ።