ግራውንድ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ትርጉም ነው ያለው? እርዱኝ እስኪ

ሪሴፕሽኗ
ሰላም የጎንደር ልጆች እንዴት ናችሁ። ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሰራው፣ ከእንግዶች ጋ ኢሜይል የምጻጻፈው እኔ ነኝ። ግራውንድ የሚለውን ቃል መሬት ማለት እንደሆነ ነበር የማውቀው በቃ፣ አሁን ግን አንዱ እንግዳ ኦን ሜዲካል ግራውንድስ ብሎ ቡኪንጉን ሰረዘ፣ ሌላዋ የፋሲል ግቢ ግራውንድስ ስንት ሰዓት ይዘጋል ትለኛለች። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ፈርስት ፍሎር ይሁንልኝ ብለው ጽፈዋል፣ ፎቃችን ጂ ፕላስ ሶስት ነው፣ አንደኛ ፎቅ ልይዝላቸው ስል ባልደረባዬ ቆይ ግራውንድ ሊሆን ይችላል አለችኝ። ነገ ማታ ስለሚገቡ ቶሎ በሉልኝ።

ቀሃ ማዶ
ባልደረባሽ ልክ ናት፣ አንደኛ ፎቅ እንዳትሰጫቸው። እንግሊዞች ልክ እንደኛ ከመሬት እኩል ያለውን ግራውንድ ፍሎር ብለው ከሱ በላይ ያለውን ነው ፈርስት የሚሉት፣ አሜሪካኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ መቁጠር የሚጀምሩት ከታችኛው ከራሱ ስለሆነ የኛ ግራውንድ ለነሱ ፈርስት ነው፣ የናንተ ጂ ፕላስ ሶስት በነሱ አቆጣጠር 4 ፎቅ ማለት ነው። ደግሞ ፎቅ በቁጥር አትጻፊላቸው፣ «ደረጃ ሳይወጡ የሚገቡበት ክፍል ይዤልዎታለሁ» በያቸው። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ግራውንዱ ራሱ ከመንገድ በደረጃ የሚወረድበት ሆቴል አለ፣ የናንተ እንደዛ ከሆነ እሱንም ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ሰውየው መጥተው እንዳይቸገሩ።

አስጎብኚ ነኝ
የሴትዮዋን እኔ ልመልስ። ኤስ ሲጨመርበት ግራውንድስ ግቢ ይሆናል፣ ህንፃው ያለበት አጥር ውስጥ ያለው ቦታ ሁሉ፣ ሳሩም ዛፉም መንገዱም። ፋሲል ግቢ ደግሞ አጤ ፋሲል ያሰሩት ቤተ መንግስት ብቻ አይደለም፣ 900 ሜትር ገደማ በሚሆን አጥር ውስጥ የነዮሐንስ የነኢያሱ የነዳዊት የነምንትዋብም ህንፃ አለ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበውም ግቢውን በሙሉ ነው። ስለዚህ የምትጠይቅሽ የውጭ በሩ የሚዘጋበትን ሰዓት ነው። ጥምቀት የሚከበርበት መዋኛው ግን ከዛ አጥር ውጭ ቀሃ በኩል ስለሆነ ለብቻው ንገሪያት፣ ብዙ እንግዳ አንድ ቦታ ይመስለዋል።

ማራኪ ሰፈር
ሜዲካል ግራውንድስ በጤና ምክንያት ማለት ነው። ግን ሪዝን ከሚለው ጠንከር ይላል፣ ውሳኔ የሚቆምበት በቂ ምክንያት ነው፣ ለዛ ነው ፍርድ ቤትና ቢሮ የሚወደው፣ የፍቺ ምክንያትም ግራውንድስ ፎር ዲቮርስ ነው። ሰውየው እንደዛ የጻፈው ገንዘቡ እንዲመለስለት ፈልጎ ይሆናልና ደንባችሁ የሀኪም ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነ በትህትና ጠይቂው።

ሪሴፕሽኗ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ለሽማግሌው እንደተባለው አድርጌ ጻፍኩላቸው። አንድ ልጨምር፣ የቁርስ ሜኑ እየሰራን ነው፣ የተፈጨ ቡና በከረጢት እንሸጣለን፣ ኮፊ ግራውንድስ ልበለው?

ቀሃ ማዶ
ኧረ ተይ! እሱ አተላው ነው፣ ጀበናው ስር የሚቀረው። የተፈጨው ግራውንድ ኮፊ ነው፣ ይሄኛው ግራውንድ መፍጨት ከሚለው የመጣ እንጅ ከመሬት ጋ ዝምድና የለውም።

የአዘዞ ኤሌክትሪሻን
በኛ ስራ ደግሞ ግራውንድ መሬት የሚገባው መስመር ነው፣ እንግሊዞች ኧርዝ ይሉታል፣ አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ሽቦ። ቦይለሩ የብረት አካሉ ኤሌክትሪክ ከያዘ ከሰው ይልቅ በዛ በኩል እንዲወርድ ነው። እንግዳ ሶኬቱ ግራውንድ የለውም ካለሽ ሌላ ክፍል ስጪውና በዛው ቀን ባለሙያ ጥሪ፣ ሻወር ቤት አካባቢ ከሆነማ እስኪሰራ ድረስ ክፍሉን ለማንም አታከራዩት።