አሬዬ (ዳታ በረድፍና በአምድ የምይዝበት) 5 በ5 ሲሆን ይሰራል፣ 12 በ30 ሲሆን ክራሽ ያደርጋል! ድረሱልኝ

ተማሪዋ፦ እባካችሁ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ፕሮጀክት አቀርባለሁ። የሰራተኞች መገኘት መመዝገቢያ ነው። ረድፉ ሰራተኛ፣ አምዱ ቀን። መጠኑን የሚያስገባው ተጠቃሚው ነው። 5 በ5 ስሰጠው ሰላም ነው። 12 በ30 ስለው ድርግም ብሎ ይዘጋል። ከማታ ጀምሮ አፍጥጬበታለሁ።

ኮድ ወዳጅ፦ በምን ቋንቋ?

ተማሪዋ፦ ይቅርታ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ። ሜሞሪ በሚያስይዘው በኒው (new) ነው የሰራሁት።

ቢጫ ጃኬት፦ ቬክተር (ሜሞሪውን ራሱ የሚይዝና የሚለቅ ዝግጁ አሬይ) ተጠቀሚና ተኚ። የቬክተር ቬክተር። ሜሞሪ የሚለቀው ዲሊት (delete) እንኳን አያስፈልግሽም።

ተማሪዋ፦ መምህራችን ቬክተር ከልክሏል። በፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ በሚይዘው) ብቻ ነው የተባልነው።

ጋሽ ኮምፓይለር፦ ልጄ፣ መሰረቱን ያዢ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሲ ስታንዳርድ መጠኑ ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚወሰን አሬይ ፈቅዷል። የሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ ግን አልተቀበለውም። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ (GCC) ዝም ብሎ ስላሳለፈልሽ ትክክል እንዳይመስልሽ።

ተማሪዋ፦ እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን በኒው ነው የያዝኩት።

ሃኒ፦ ባለ ሁለት ዳይሜንሽን የግድ ነው እንዴ? 360 ቦታ ያለው አንድ አሬይ ያዢ። የሰራተኛውን ቁጥር በ30 አባዢና ቀኑን ደምሪበት፤ ሁለቱም ከ0 ይጀምሩ። አንድ ኒው፣ አንድ ዲሊት፣ አለቀ።

አዲስ ገቢ፦ ቬክተር ይቀላል።

ኮድ ወዳጅ፦ ወንድሜ ከላይ አንብብ፣ ተከልክላለች።

የሌሊት ወፍ፦ ቆይ፣ ገልብጠሽ 30 በ12 ስትሰጪውስ?

ተማሪዋ፦ አሁን ሞከርኩት። ይሰራል!! ለምን?

የሌሊት ወፍ፦ እንግዲያው ኮድሽን ባላየውም ገብቶኛል። የሚደጋግመው ፎር (for) ውስጥ ለእያንዳንዱ ረድፍ ኒው ስትይ፣ ቅንፉ ውስጥ አምድ መጻፍ ሲገባሽ ረድፍ ጽፈሻል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰራተኛ 12 ቦታ ብቻ አለው፤ አንቺ 30 ቀን ትጽፊበታለሽ። 18ቱ ያልተሰጠሽ ሜሞሪ ላይ ይፈሳል። 5 በ5 ላይ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ስህተቱ ተደበቀ። እሷን አንድ ቃል ቀይሪ። ሜሞሪውን ስትለቂም መጀመሪያ እያንዳንዱን ረድፍ፣ ዋናውን ፖይንተር መጨረሻ። ዲሊቱ ደግሞ ባለ ቅንፉ (delete[]) ይሁን፤ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሃኒ፦ ጎበዝ! እኔ አላየሁትም ነበር።

ቢጫ ጃኬት፦ እህቴ፣ ሰራልሽ?

ጋሽ ኮምፓይለር፦ ልጄ፣ 12 በ30ውን ሳትሞክሪ እንዳትተኚ።