ክርክር፦ የቀድሞው የምድር ባቡር መስመር የእግርና የብስክሌት መንገድ ይሁን?

አወያይ፦
ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለገሀር ይደርስ የነበረው የ784 ኪሎ ሜትር የምድር ባቡር መስመር ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ለዛሬው ክርክር የቀረበው ከአቃቂ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ አዳማ የሚገባው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ቢውል ይሻላል ወይስ ሐዲዱ ተጠብቆ ለባቡር ይቆይ? ዓመተ ምሕረት የምትጠቅሱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንድትጽፉ እንጠይቃለን፤ የአዋጅ ቁጥር ግን እንደ ወጣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቆይ።

ከቢሾፍቱ፦
ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ በመሆኔ ምክንያቶቼን አስቀድሜ አስረዳለሁ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ባቡር መመላለሱን ካቆመ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱን ሰፊ ሐዲድ በሌላ መሬት ላይ የዘረጋና ጣቢያዎቹንም ከከተሞች መሃል አርቆ የሠራ ስለሆነ አሮጌውን መስመር አይፈልገውም። ባለቤት ያጣው መስመር ግን በየቦታው እየተቆረሰ ነው፤ አንዱ ጋ አጥር ይገፋበታል፣ ሌላው ጋ ቆሻሻ ይደፋበታል፣ ሐዲዱም እየተነቀለ መሰረቁ የታወቀ ነው።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው በተለይ የመሬቱን አቀማመጥ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይችል ቀያሾቹ ጉብታውን እየቆረጡ፣ ጎድጓዳውን እየደለደሉ፣ ከሁሉ የቀለለውን አወራረድ መርጠው ነው መስመሩን ያወጡት። ለገሀር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ፣ አዳማ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ይህም በአማካይ በየመቶ ሜትሩ ከአንድ ሜትር በታች መውረድ ማለት ነው። ጉልበቱ የደከመ አረጋዊ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው፣ ብስክሌት የሚለማመድ ሕፃን ሳይቸገር የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ መንገድ ከባዶ እንሥራ ብንል አፈሩን ለመቁረጥና ለመደልደል ብቻ የሚወጣውን ገንዘብ መገመት አያዳግትም፤ እዚህ ግን አያቶቻችን በእጃቸው ቆፍረው ሠርተውት አልፈዋል። በሌላ በኩል የአገራችን ብስክሌተኞች ዛሬም የሚለማመዱት በአሮጌው የአስፋልት መንገድ ጠርዝ፣ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ ነው፤ በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ ለእግረኛም ሆነ ለብስክሌት የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሐዲዱ ተነሥቶ ይህ ክፍል ለእግረኛና ለብስክሌት ይሰጥ እላለሁ።

የድሬዳዋ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ስለ መሬቱ አቀማመጥ የጻፍከው እውነት ነው፤ «ሐዲዱ ተነሥቶ» ያልከውን ግን ልቀበለው አልችልም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔም ያደግሁት የባቡሩ ፊሽካ ሰዓት በሚነግርበት ከተማ ነው። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው ሐዲዱ በ1902 ወደ ሐረር ደጋ መውጣት አቅቶት ከሥር በመቆሙ ነው። ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሥራ ፈቃዱን የሰጡት በ1894 ሲሆን ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ፈቃዱን የሰጡት ንጉሥ ይህን ሳያዩ ዐረፉ። በዚህ ሁሉ ዘመን በመስመሩ ላይ የሞቱ አሉ፤ በ1985 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል በገባ ጊዜ ብቻ ከአራት መቶ በላይ ሰዎች አልቀዋል። ይህን ሁሉ የተሸከመ ብረት ነቅሎ በላዩ ላይ መንሸራሸር ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ስሜቱን ትተን በጥቅም እንኳ ብንመዝነው፣ አሮጌዎቹ ጣቢያዎች የቆሙት በየከተማው እምብርት ነው። በቢሾፍቱና በአዳማ መካከል ለሠራተኛና ለተማሪ የሚያገለግል ቀላል ባቡር፣ ለጎብኚ ደግሞ የቅዳሜና እሑድ ባቡር ማስኬድ የሚቻለው በዚህ መስመር እንጂ በአዲሱ አይደለም። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር ያለው ክፍል በኋላ ተጠግኖ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ባቡር አመላልሷል፤ መጠገን እንደሚቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ሐዲድ አንድ ጊዜ ከተነቀለ ግን መልሶ የሚተክለው መንግሥት ይመጣል ብዬ አላምንም።

መምህርት ከሞጆ፦
ሁለታችሁም መስመሩ ባዶ እንደሆነ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። ባዶ አይደለም። በገበያ ቀን በሐዲዱ ዳር ቆማችሁ ብትመለከቱ እህል የጫነ አህያ የሚነዳ ገበሬ፣ ጭድና ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች፣ ደብተራቸውን ይዘው ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ የሚመጡ ልጆች በዚያው ሲያልፉ ታያላችሁ። በክረምት መሬቱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን ደረቅ ሆኖ የሚቆየው የሐዲዱ ድልድል ብቻ ስለሆነ ነው የሚመርጡት። እንግዲህ ይህ መንገድ «መዝናኛ» ተብሎ ሲሠራ አህያውና ጋሪው «አይገባም» ሊባሉ ነው? ሥጋቴ ይህ ነው፤ የሰንበት ብስክሌተኛ እንዲደሰት የዘወትር እግረኛ ከመንገዱ እንዳይባረር።

ስለ ሴቶችም ልጨምር። ከመንደር ርቆ በባሕር ዛፍ መካከል የሚያልፍ መንገድ ለወንድ ጸጥታ ነው፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ተማሪዬ ግን ፍርሃት ነው። መብራት የት የት ይኖራል? ጥበቃው የማን ነው? በየስንት ርቀቱ ሰው ያለበት ቤት፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ይገኛል? የእነዚህ መልስ በወረቀት ሳይሰፍር እኔ ለዚህ ሐሳብ ድጋፌን አልሰጥም። በአሮጌዎቹ ጣቢያዎች ውስጥ የተጠለሉ ቤተሰቦች ካሉም ለልማት መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እነርሱን እንዴት እንደሚያይ ከአሁኑ መነጋገር ይገባል፤ ቡልዶዘሩ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ውይይት ለማንም አልጠቀመም።

ከቨርጂኒያ፦
ለብዙ ዓመታት በሰሜን ቨርጂኒያ የኖርኩ በመሆኔ እዚያ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን የሚባል ባቡር ነበር፤ በ1968 ሥራ አቆመ። መሬቱ ወደ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተላለፈና ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ ሽቦዎች ተዘረጉበት። በ1974 በፎልስ ቸርች ከተማ ውስጥ አጭር ክፍል ለሙከራ ለእግርና ለብስክሌት ተከፈተ፤ ሕዝቡ ስለወደደው የአካባቢው የፓርኮች ባለሥልጣን መሬቱን ከኩባንያው ገዝቶ መንገዱን ደረጃ በደረጃ አስረዘመ፤ በ1988 ፐርሰልቪል ደረሰ። ዛሬ ከአርሊንግተን ተነሥቶ 72 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለምንኖር ነጠላ የለበሱ እናቶች ማለዳ በእግር ሲሄዱበት ማየት የተለመደ ነው።

የመምህርቷ ጥያቄዎች እዚያም ተነሥተዋል። ስለ አህያው ላነሱት መልስ የሚሆን ነገር አለ፤ ከአስፋልቱ ጎን ለጎን ለፈረስ የሚሆን የጠጠር መንገድ በአብዛኛው ርቀት ላይ ተሠርቷል፤ ይህ የተቻለው የመሬቱ ስፋት ወደ 30 ሜትር ስለሚደርስ ነው። ያልተፈታው ችግር የፍጥነት ጉዳይ ነው። በሩጫ የሚነዳ ብስክሌተኛና በዝግታ የምትራመድ አሮጊት በአንድ አስፋልት ላይ ሲገናኙ ጠብም ጉዳትም ይመጣል፤ በዚህ ምክንያት ፎልስ ቸርች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለሁለቱ የተለያየ መንገድ ሠርታለች። እኛ ከጀመርን ከመጀመሪያው ለይተን እንጀምር።

የድሬዳዋው ወንድማችን ለሚፈራው ነገር ደግሞ አሜሪካኖች በ1983 ሕግ አውጥተውለታል። በዚህ ሕግ መሠረት ባቡር ያቆመበት መስመር ለእግረኛ ሲሰጥ እንደ ተተወ አይቆጠርም፤ ባቡር ዳግመኛ ካስፈለገ መሬቱ ሳይቆራረጥ ይመለሳል። በብዙ ቦታ የባቡር ኩባንያዎች የነበራቸው የማለፍ መብት ብቻ ስለነበር ባቡሩ ሲቆም መሬቱ በየቁራጩ ወደ አዋሳኝ ባለይዞታዎች ይመለስ ነበር፤ ሕጉ ያቆመው ይህን ነው። ባለመሬቶቹ ቢከሱም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ሕጉን አጽንቶታል፤ ካሣ የመጠየቅ መብታቸውን ግን አልነፈጋቸውም። በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ክሱ በዚያ መልክ አይመጣም። የእኛ አደጋ ሌላ ነው፤ መስመሩ በሚያልፍባቸው ከተሞች ያለ እያንዳንዱ አስተዳደር የራሱን ቁራጭ ለሌላ ሥራ ሊሰጠው ይችላል፤ ከመካከሉ አንድ ኪሎ ሜትር ከጎደለ ደግሞ ባቡርም መንገድም የለም።

ከኢየሩሳሌም፦
ሐዲዱን ማስቀረትና መንገድ መሥራት አብረው እንደሚሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። በ1892 የተከፈተው የያፋ-ኢየሩሳሌም ባቡር አሮጌ ጣቢያ በ1998 ተዘጋ፤ በኋላም ከጣቢያው ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆነ። በብዙ ቦታ ሐዲዱ እንደ ነበረ ሆኖ በመካከሉ እንጨት ተረብርቦ ሰው በላዩ ይሄዳል፤ ጣቢያውም ታድሶ ሰው የሚሰበሰብበት ስፍራ ሆኗል። ልጆች ሐዲዱን በእግራቸው እየለኩ ሲጫወቱ ወላጆቻቸው የባቡሩን ታሪክ ይነግሯቸዋል።

የመንገድ መሐንዲስ፦
መምህርቷ በክረምት ደረቅ ሆኖ ይቆያል ያሉት የሙያ ማብራሪያ ይገባዋል። ከአቃቂ እስከ ሞጆ በብዛት ያለው አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በዚህ መሬት ላይ የተሠራ መንገድ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። የባቡሩ ድልድል ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት በከባድ ፉርጎ ተጠቅጥቆ የረጋና በላዩ የድንጋይ ጠጠር የተነጠፈበት ስለሆነ፣ ውኃ ማሳለፊያዎቹ ከተጠረጉለት ለእግርና ለብስክሌት ቀርቶ ለቀላል መኪናም ይበቃል። በእኔ ግምት ትልቁ ወጪ ድልድዮችን መፈተሽና ከአስፋልት መንገድ ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎች መሻገሪያ መሥራት ይሆናል።

ኢየሩሳሌም ስላለው እንጨት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንጨት በእኛ ፀሐይና ዝናብ ጥገና ይፈልጋል፤ ምስጥም አለ። ሐዲዱ ይቆይ ከተባለ በሐዲዶቹ መካከል የተፈጨ ድንጋይ ጠቅጥቆ ከብረቱ እኩል ማድረግ ይሻላል። የሐዲዱ ስፋት ግን አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በእግሩ ይሄድበታል እንጂ ሁለት ብስክሌት አይተላለፍበትም፤ የብስክሌት ጎማ ሐዲዱ ዳር ባለው ክፍተት ቢገባ ደግሞ ነጂው ይወድቃል። ስለዚህ ብስክሌቱ ከሐዲዱ ውጭ የራሱ ጎዳና ያስፈልገዋል፤ ድልድሉ ጠባብ በሆነበት ቦታ ማስፋት ይጠይቃል፤ ይህም ገንዘብ ነው። ከአዳማ በስተምሥራቅ ያለውን ለጊዜው ባናነሣው ይሻላል፤ መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መንገዱንም ባቡሩንም ሲያስቸግር የኖረ ስለሆነ በዚያ በኩል የሚያስፈልገው ጥናት ሌላ ነው።

የአዳማ ነዋሪ፦
የመጠጥ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለሽርሽር መንገድ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ማንም አላነሣም። እኔ ሐሳቡን አልጠላም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያሳስበኛል። ከተማው መጀመሪያ ያለውን የእግረኛ መንገድ ከሻጭና ከመኪና ያጽዳ።

ከቢሾፍቱ፦
ለአዳማው ነዋሪ፦ የውኃው ጉዳይ ከሁሉ እንደሚቀድም እስማማለሁ፤ ነገር ግን አሁን የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ከአቃቂ እስከ አዳማ ያለው መሬት ተለክቶ ወሰኑ በድንጋይ ይተከልበት፤ በአንድ ስም፣ በአንድ ካርታ ይመዝገብ፤ ከተሞቹ በየፊናቸው እንዳይሰጡት ይታገድ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈ እዚህ የምንከራከርበት ነገር ራሱ አይኖርም። የእግር መንገድ የማስቀድመውም ለዚህ ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚሄድበትን መሬት ማንም በቀላሉ አያጥረውም፣ ባዶ መሬት ግን ዘበኛ ቢቆምለትም ይወሰዳል።

ለመምህርቷ፦ አህያና ጋሪ የራሳቸው የጠጠር ጎዳና ከሌላቸው እኔም ሐሳቤን አልደግፈውም። መብራቱና ጥበቃው በየከተማው መግቢያ ይጀመር፤ ሩቁ ገጠር ግን እንደ ቨርጂኒያው በሙከራ፣ ከአጭር ክፍል ተነሥቶ ይሞከር። ለሙከራው ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ያለው ተስማሚ ይመስለኛል፤ አጭር ነው፣ ሁለቱም ጫፍ ከተማ ነው፣ ከብስክሌተኛው ቁጥር የሚበልጠው ተመላላሽ እግረኛም ያለው እዚያ ነው። ለድሬዳዋው ወንድሜ፦ መሬቱ ስፋት ባለው ሁሉ ሐዲዱ በቦታው ይቆይና መንገዱ በጎኑ ይሂድ፤ ድልድይ ላይ ግን ሁለቱን ማሳለፍ አይቻልም፤ እዚያ ቅድሚያው ለሰው ነው።

የድሬዳዋ ልጅ፦
ወሰኑ በአስቸኳይ ይከበር በሚለው ከልቤ እስማማለሁ። በድልድዩ ጉዳይ አልስማማም። ድልድዩ ላይ ሐዲዱ ከተነሣ መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ቀሪው ሐዲድ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በሐዲዱ ላይ የብረት ወይም የእንጨት ወለል አልብሶ፣ ብስክሌተኛው ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ እንዲሻገር ማድረግ ይቻላል፤ ባቡር ሲመለስ ወለሉ ይነሣል። በምዝገባው ሰነድ ላይም መሬቱ «የባቡር መስመር፣ ለጊዜው ለእግረኛ ክፍት» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «የመዝናኛ ስፍራ» ተብሎ አይጻፍ፤ ጣቢያዎቹና ድልድዮቹም ቅርስን ለመጠበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስነት ይመዝገቡ። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ያለውን ሙከራ አልቃወምም፤ ካልተሟሉ ግን መቃወሜን እቀጥላለሁ።

መምህርት ከሞጆ፦
ብስክሌቱ ተገፍቶ የሚያልፍ ከሆነ ድልድዩ ላይ የጫነ አህያም እንዲያልፍ ወለሉ በዚያ ልክ ይጠንክር፤ ይህንም ከሦስቱ ጋር አራተኛ አድርጋችሁ ጻፉልኝ።