የጎረቤቴን ድመት ለሳምንት ልጠብቅ ነው፤ ምን ልጠይቃት?

ጥያቄ፦ ወንድ ድመት ነው፤ ከቤቱ አይወጣም፣ እኔ ነኝ እየሄድኩ የማየው። ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት እህታችሁን ምከሩኝ።

መልስ 1፦ የየቀኑን ምግብ በግራም መዝና ለየብቻ ታስቀምጥልሽ፤ በግምት ሲሰፈር ይበዛል። ሌላ ምግብ አትሞክሪ፣ ድንገተኛ ለውጥ ተቅማጥ ያመጣበታል። የሐኪሙን ስልክ፣ እስከ ስንት ብር ማሳከም እንደምትችዪም በጽሑፍ ያዢ።

መልስ 2፦ ዋናው የሚጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥን ነው። በየቀኑ ስታጸጂ በሽንቱ ረጥቦ የጓጎለውን አሸዋ ቁጠሪ። ወንድ ድመት እየተመላለሰ አምጦ ሽንት ካልወጣው ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል፣ እባክሽ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጋ ውሰጂው። 24 ሰዓት ሙሉ ካልበላም ለሐኪሙ ደውዪ፤ ድመት ሲራብ ጉበቱ በስብ ይጎዳል።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ! አበባ ይዤ ብገባስ?

መልስ 2፦ ሊሊ ከሆነ በፍጹም፤ ብናኙ እንኳ ኩላሊቱን ያጠፋዋል።