«ኦሜጋ ራሱ ያፈረበት ሰዓት» ላለው ሻጭ

የአዌቱ ልጅ፦
ፈረንጅ አራዳ አንድ ሰዓት ሻጭ አጎቴን ያለውን ስሙልኝ። አጎቴ ከድሮ ጀምሮ የሚያስራትን ኦሜጋ ደ ቪል ማሰሪያ ሊያስቀይር ይዞ ገባ። ልጁ ገና ሳያገላብጣት «ይቺማ ኦሜጋ ራሱ ያፈረበት ሰዓት ናት፣ ማስታወቂያዋን የት አይተህ ታውቃለህ?» አለው። ለሽማግሌ ሰው «አንተ» ማለቱን እንኳ ልተወው። ማስታወቂያ ያልወጣለት ሁሉ ውዳቂ ነው ያለው ማነው? የምታውቁ ተናገሩ። ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጅ ይሁን፣ እንዳንደናገር።

ቦሳ ቂቶ፦
የልጁ አነጋገር ስድ ነው፣ ነገሩ ግን እውነት ነው። በዕቃው የተማመነ ይጮህለታል። የዚሁ የኦሜጋ ሞዴል የሆነችው ስፒድማስተር በ1969 ጨረቃ ላይ ደረሰች፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላሳረፉንም። ሌላውን ሞዴሉን ሲማስተርን ከ1995 ጀምሮ ጄምስ ቦንድ አስሮታል። ደ ቪልስ? ጸጥ። የተማመኑባትን ልጅ ሰርግ ላይ ያስጨፍሯታል፣ ያፈሩባትን ጓዳ ያስቀምጧታል።

ሰዓት አዳሹ፦
አፈሩባት? ወንድሜ፣ እኔ የሰዓት ሆድ ከፍቼ ነው እንጀራ የምበላው። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆርጅ ዳንኤልስ ኮ-አክሲያል የሚባለውን፣ የሰዓቱን ጉልበት በልክ እየለቀቀ ምቱን የሚጠብቅ ፈጠራውን ይዞ ለዓመታት የስዊሶችን በር ሲያንኳኳ ኖረ፣ በመጨረሻ ኦሜጋ ተቀበለው። ጥርሶቹ ላይ ያለውን ፍትጊያ ስለሚቀንሰው ዘይቱ ቶሎ አይበላሽም። በ1999 ለገበያ ሲያወጡት መጀመሪያ የገባው የት ነው? ጨረቃ በሄደችው ውስጥ ነው? ቦንድ ባሰረው ውስጥ ነው? ደ ቪል ውስጥ ነው! ሰው ባፈረበት ዕቃ ውስጥ ምርጥ ሥራውን ይከታል?

ቦሳ ቂቶ፦
ኦቦ አዳሹ፣ ቢበላሽ ማንም እንዳያየው ነዋ! ስፒድማስተር ላይ ሞክረውት ቢከሽፍ ስም ይጠፋል። ደ ቪል ላይ ቢከሽፍ ማን ይሰማል?

ሰዓት አዳሹ፦
እዩልኝ፣ ከ«ያፈሩባት» ወደ «የሞከሩባት» ወረደ። እስከ ማታ «የኮሩባት» ላይ ይደርሳል።

ጅሬን ላይ፦
ሁለታችሁም ማስታወቂያ የሚወጣው የሚታየውን ሰዓት ለመሸጥ ይመስላችኋል። ሮሌክስን ተመልከቱ። የዴይቶና 24 ሰዓት የመኪና ውድድር በስሙ ነው፣ አሸናፊዎቹም ዴይቶና የሚባለውን ሰዓቱን ይሸለማሉ። አንተ ግን ብርህን ቋጥረህ ሱቁ ብትሄድ «ተመዝገብና ጠብቅ» ነው የምትባለው። ታዲያ ያልያዙትን ዕቃ ለምን ይጮሁለታል? ስሙ እንዲያስጎመጅ ነው። ዴይቶና ያጣው ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፣ ዴትጀስት የሚባለውን ሌላውን ሮሌክስ ገዝቶ ይወጣል። አንዷ ትታያለች፣ ሌሎቹ በእሷ ስም ይሸጣሉ።

ኮቺ ሰፈር፦
እህቴ፣ ሮሌክስ ሱቅ ገብተሽ ታውቂያለሽ?

ጅሬን ላይ፦
ቦሳ ቂቶም ጨረቃ ላይ አልወጣም፣ ስለ ስፒድማስተር ግን ከጠዋት ጀምሮ እያወራ ነው። እሱን ለምን አልጠየቅከውም?

የቡና ልጅ፦
እኛ ጅማዎች ይሄ ሊጠፋን ነው? ላኪው ለፈረንጅ የሚያሳየው ፎቶ የታጠበ ሊሙ ነው። ጅማ አምስት የሚባለውን ቡና ፖስተር ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጋዘኑን የሚሞላው ግን ማነው? አፍረውበት ነው? ገዢው ስለሚያውቀው ነው እንጂ!

ቦሳ ቂቶ፦
ጅማ አምስትን ፖስተር ላይ የማያወጡት አምስተኛ ደረጃ ስለሆነ ነው፣ ወዳጄ። ራስህ መሰከርክልኝ።

የቡና ልጅ፦
አምስተኛ ደረጃ እያልክ ጠዋት ጠዋት የምትጠጣው እሱኑ አይደል? በገዛ አገርህ ቡና አትቀልድ።

የአዌቱ ልጅ፦
ቡናውን ተዉትና ወደ ሰዓቱ። ሊሙ ጅማ ነው አይደለም የሚለው እንዳይነሳ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሳችሁም።

ሰዓት አዳሹ፦
ሌላም አለ። የባትሪዎቹን አስቡ። ሮሌክስ ራሱ ከ1977 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ኦይስተርኳርትዝ የሚባል የባትሪ ሰዓት ሠርቷል። ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? ጥሩ ሰዓት ነው፣ ጠንካራ። ግን በማጉያ መነጽር ጎንበስ ያለ ሽማግሌ እያሳየ የእጅ ሙያ የሚሰብክ ሰው «ባትሪም አለኝ» ብሎ አይጮህም። ሰዓቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ከወሬው ጋር አይሄድም።

ቦሳ ቂቶ፦
ከወሬው ጋር የማይሄድን ነገር መደበቅ በአማርኛ ምን ይባላል ኦቦ? ማፈር!

ጅሬን ላይ፦
እሺ ይሄንን መልስ። የስዊሱ ሰዓት ሠሪ ፓቴክ ፊሊፕ ኖቲለስ 5711 የምትባለውን የብረት ሰዓቱን ዓለም ሲሻማባት በ2021 ማምረት አቆመ። የፓቴክ ኃላፊ ቲየሪ ስተርን አንድ ሞዴል ቤቱን እንዲውጠው እንደማይፈልግ በአደባባይ ተናግሯል። ካላትራቫ የምትባለው ሌላዋ ሰዓታቸው ከ1932 ጀምሮ አለች፣ የቤቱ ፊት እሷ እንድትሆን ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ዝም የሚባለው እየሞተ ላለው ብቻ አይደለም፣ ከመጠን በላይ ለሚፈለገውም ነው። ይሄም ማፈር ነው?

ቦሳ ቂቶ፦
እንዴታ! የብረት ሰዓታቸው ከወርቁ በላይ ሲፈለግባቸው ካላፈሩ መቼ ሊያፍሩ ነው?

ጅሬን ላይ፦
በአንተ ቤት ቢጮሁም ማፈር፣ ዝም ቢሉም ማፈር። ደግሞ መጮህ ብቻውን የሚሠራ ቢሆን ሌላው የስዊስ ሰዓት ሠሪ ኦዲማር ፒጌ በ2019 ኮድ 11.59 የሚባል ሰዓት በታላቅ ድግስ ሲያወጣ ኢንተርኔቱ ባልሳቀበት። ሰው አሁንም ልቡ በ1972 በወጣችው በዚያው ቤት ሰዓት በሮያል ኦክ ላይ ነው።

መርካቶ ሂርማታ፦
ፓቴክ ካነሳችሁ የጃንሆይን ፓቴክ እንዴት ረሳችሁ? በ2017 ክሪስቲስ የሚባለው አጫራች ጄኔቫ ላይ ሊያጫርታት አዘጋጅቶ፣ የባለቤትነት ክርክር ተነስቶባት ከጨረታው ወጣች። የኛ ቅርስ ነበረች፣ እናንተ እዚህ ስለ ማስታወቂያ ትጨቃጨቃላችሁ።

ኮቺ ሰፈር፦
ጅማ ተቀምጠህ አባ ጅፋርን ሳታነሳ ጃንሆይ ላይ ደረስክ?

መርካቶ ሂርማታ፦
የሰዓት ወሬ ነው፣ የዙፋን አይደለም። አባ ጅፋር ፓቴክ ካላቸው አምጣና አብረን እናውራ።

ቦሳ ቂቶ፦
ወደ ጉዳያችን። ያልተጮኸለት ይሞታል የምለው ለዚህ ነው፦ ሚልጋውስ። ሮሌክስ በ1956 አወጣው፣ ተረሳ፣ ቆመ። በ2007 መለሱት። በ2023 ደግሞ ከዝርዝሩ አወጡት። ቢጮሁለት ኖሮ ዛሬም ይኖር ነበር።

ሰዓት አዳሹ፦
ሚልጋውስ የተሠራው ለአንድ ነገር ነው፣ መግነጢስ ለሚበዛበት ቦታ። 1,000 ጋውስ (የመግነጢስ ኃይል መለኪያ ነው) ይችላል፣ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ኦሜጋ በ2013 ከ15,000 ጋውስ በላይ የሚችል ሲማስተር አኳ ቴራ አወጣ። ከዚያ በኋላ «የኔ 1,000 ይችላል» ብሎ አደባባይ መውጣት ያሳፍራላ!

ቦሳ ቂቶ፦
ምን አሉ? «ያሳፍራላ»? ይሄን ሁሉ ሰዓት የደከምኩት ለማን ነው? ሁላችሁም አንብቡ፣ በራሳቸው አፍ ነው የተናገሩት።

ሰዓት አዳሹ፦
እሱ ስለ ሚልጋውስ ነው! ስለ ደ ቪል አልወጣኝም። ነገር አትጠምዝዝ፣ በሽምግልናዬ።

ኮቺ ሰፈር፦
አለቀ፣ ቦሳ ቂቶ አሸንፏል።

ጅሬን ላይ፦
ማን ዳኛ አድርጎህ ነው? ስለ ዴይቶና ያነሳሁት እስካሁን አልተመለሰም።

የቡና ልጅ፦
ስለ ጅማ አምስትም!