ለጎንደር ቤተሰብ ኤሌክትሪክ መኪና ያዋጣል ወይ?

ጠያቂው (ማራኪ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቆየች ቪትዝ አለችኝ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ ነን። የቤንዚን ሰልፍ ሰለቸኝ። በቀደም ማደያ ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልኝ ሰው በስልክ ለመንሁ። የቤንዚን መኪና ከውጭ ማስገባት ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። ስለዚህ ልቀይር ካልኩ ያለኝ ምርጫ አገር ውስጥ ያገለገለ ወይም ኤሌክትሪክ ነው። ቢዋይዲ ሲገል የምትባለውን ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና አይቻለሁ፤ አንዴ ከተሞላች 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላሉ። ልግዛ?

ሹፌሩ (አዘዞ)፦ ግዛ ወንድሜ። እኔ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በቀን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ብነዳ ነው። ማታ ተራ ሶኬት ላይ እሰካታለሁ፣ ሦስትና አራት ሰዓት ይበቃታል። ዘይት መቀየር የለ፣ ካንዴላ የለ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅቡ ባትሪ ይበላል፤ ስወርድ ግን ሞተሩ ራሱ እየያዘ የተወሰነውን ይመልስልኛል። የፍሬን ሸራዬ እስካሁን አልተነካም። ደግሞ ቤንዚን በዶላር ነው የሚገባው፣ መብራቱ የራሳችን ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት ነው!

መምህርቷ (ቀበሌ 18)፦ ግድቡ የእኔም ነው፣ ከደመወዜ አዋጥቼበታለሁ። ግን እኔ ቤት የሚደርሰው በሰፈራችን ትራንስፎርመር በኩል ነው፤ እሱ ደግሞ ማታ ምጣድ ሲጣድ ይደክማል። ሌላው፣ ወንድሜ ሹፌሩ የራሱ ግቢ አለው። እኔ ተከራይ ነኝ። ቆጣሪው የአከራዬ ነው፣ አራት ቤት ይጋራዋል። መኪና ልሰካ ብላቸው በማግስቱ ልቀቂ ነው የሚሉኝ። ቤቱ ቻርጅ ማድረግ ለማይችል ሰው ይህ መኪና በምንም ዋጋ ውድ ነው። ስለዚህ ጠያቂው መጀመሪያ ይንገረን፦ ቆጣሪው የማን ነው?

መካኒኩ፦ እህቴ ልክ ናት። እኔ የምጨምረው፣ 405 የቻይና መለኪያ ነው። ለዘብ ባለ አነዳድ የተለካ ስለሆነ ሰውና ዕቃ ጭነህ አገር አቋራጭ ስትወጣ አታገኘውም። 300 አካባቢ ብለህ አስብ። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሰህ ትገባለህ፣ ግን እዚያ ሳትሰካ አትመለስም። መንገድ ተዘግቶ መሃል ላይ ማደር እንዳለም ታውቃለህ። ቤንዚን ቢያልቅብህ በጀሪካን ይመጣልሃል፣ ይሄ ግን በጀሪካን አይመጣም። ደግሞ ሲገል አራት ሰው ነው የምትይዘው። እናትህን የት ልታስቀምጥ ነው?

ጠያቂው፦ ኧረ! ይህን ማንም አልነገረኝም። ቆጣሪው የራሴ ነው። ባሕር ዳር በዓመት አንዴ ብሄድ ነው። የምመላለሰው ደባርቅ ነው፣ የእናቴ አገር።

ሹፌሩ፦ ደባርቅማ ይሆናል። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎንደር በሰባት መቶ ሜትር ያህል ስለሚበልጥ ሲሄድ ይከብዳል፣ ሲመለስ ይቀላል። ጋሼ መካኒክ፣ እዚህ ላይ አይፍረዱብን።

መካኒኩ፦ አልፈርድም፣ ደርሶ መልስ ይበቃል። ባትሪውም ሰው እንደሚያወራው ቶሎ አይሞትም፤ የእነዚህ አይነቱ ዕድሜው ረጅም ነው፣ የጎንደር አየርም ይስማማዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ግጭት ነው። መብራትና ባምፐር ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዱም ከቻይና ነው የሚጠበቀው። ስክሪኑ በቻይንኛ የሆነ መጥቶልኝ ሁለት ቀን ታግያለሁ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና በነጋዴ በኩል ሲመጣ የፋብሪካው ዋስትና እዚህ አይሠራለትም። ዋጋውን ስታሰላ ይህንንም አስገባው።

መምህርቷ፦ አምስት ሰው ከሆናችሁ የቮልስዋገኑን አይዲ ፎር የመሰለ ሰፋ ያለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚሆናችሁ። እሱ ደግሞ ባትሪው ትልቅ ነው። ባዶውን በተራ ሶኬት ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፣ ያውም መብራት ካልሄደ። ዋጋውም ከሲገል ጋር አይገናኝም። በዚያ ልዩነት የስንት ዓመት ቤንዚን ይገዛል?

ሹፌሩ፦ ቤንዚኑ ሲገኝ ነዋ፣ እህቴ። ባትሪውም በየቀኑ ባዶ አይሆንም፤ የዕለቱን ብቻ ነው ማታ የሚሞላው። የእኔ ሂሳብ ሰልፍ ላይ የማላጠፋው ቀን ነው።

ጠያቂው፦ ሲገል ቀረች። ቪትዟን ገና አልሸጥም። ቅዳሜ ባለአምስት ሰው የሆነች ያገለገለች ኤሌክትሪክ አያለሁ። ባለቤቷ ከፈቀደ እናቴን ይዤ ደባርቅ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ስመለስ ስንት ፐርሰንት እንደቀረ እነግራችኋለሁ። ጋሼ መካኒክ፣ አብረውኝ ይሄዳሉ?

መካኒኩ፦ እሄዳለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንነሳ።